በሰያፍ የተቆረጡ አበቦች

«ሌባ ነው አልወጣኝም። ግን አበባው በራሱ ጊዜ ተነሥቶ አልሄደም» አለች እህቴ።

ይህን የሰማሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር ነው። የምኖርባትን ሰርቪስ ክፍል ከእነሱ ማድ ቤት የሚለያት አንድ ኮምፔንሳቶ ነው፤ እሱም ግድግዳ ከተባለ። የእህቴ ባል ወዲያ ማዶ ሲያስነጥስ እኔ ወዲህ ማዶ ሆኜ «ይማርህ» ስለው ኖሬያለሁ። እህቴ ይህን ታውቃለች። ዛሬ ወይ ረስታዋለች፣ ወይ እንድሰማ ፈልጋለች፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አላውቅም። ባሏ «ታዲያ ለራሱ አትነግሪውም?» አላት። «ምን ብዬ ልንገረው? ታናሽ ወንድምህ ከሶሃል ብዬ? ማመልከቻውን ካስገባ ሳምንት ሆነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመቃብር ግቢው ኃላፊ ባለበት እማዬ መቃብር ላይ እንገናኛለን። እኔም ነይ ተብያለሁ።» «ከማን ወገን ሆነሽ?» አላት። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ብቻ ሰማሁ። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ብዙ ዞረ።

እኔ የመቃብር ቦታ ጠባቂ ነኝ፤ አትክልተኛም ነኝ። ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ፣ ሃያ አንድ ዓመት። እናታችን ከስምንት ወር በፊት ስትሞት የተቀበረችው እኔው በምጠብቀው ግቢ፣ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ መርጬ ያሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ይህን ግን በቀብሯ ዕለት ያነሣው ሰው አልነበረም። የተነሣው የታናሽ ወንድሜ ጉንጉን ነበር፤ ሪባኑ ላይ የእሱ ስምና የመሥሪያ ቤቱ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎ፣ የእኔ «እና ቤተሰቦቹ» በሚለው ውስጥ ተጠቃሎ። ወንድሜ መሐንዲስ ነው። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከመሀል ከተማ አበባ ቤት አዲስ ጉንጉን ያመጣል፤ ቀይ ጽጌረዳ፣ ነጭ ካርኔሽን፣ ዙሪያውን ቅጠል። ስምንት መቶ ሃምሳ። ዋጋውን የማውቀው የዋጋውን ወረቀት ሳይነቅል ስለሚያስቀምጠው ነው፤ እናታችን ማንበብ አትችልም ነበር፣ ስለዚህ ለማን ብሎ እንደተወው ይገባኛል። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ታዲያ ጉንጉኑ በመጣ በማግሥቱ ሽቦው፣ ቅጠሉና ቀጭን ቀጭን ዘንጉ ብቻ ይቀራል፤ የአበባው አናት የለም። የሌላ ሰው አበባም ይጠፋል። ሌሎቹ ግን ጠባቂው ወንድማቸው አይደለም፤ ስለዚህ አልጠረጠሩኝም።

ጥፋት የለብኝም አልልም። አበባ መጥፋት የጀመረ ሰሞን በታችኛው አጥር በኩል የኮቴ ምልክት አየሁና «ሚዳቋ ነች» አልኩ። በአፌ ብቻ ብዬው ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ ጽፌ አስገባሁት። ከግቢያችን ጀርባ የነበረው ሜዳ አምና ለሕንጻ ተከልሎ ስካቫተር ሲገባበት እዚያ የነበረው አውሬ ሁሉ የት ይሂድ? ሙታን ካልተቀበሉት ማን ይቀበለዋል? በዚያ ላይ በጋው ረዘመ፣ ሣሩ እንደ ገለባ ሆነ፤ ለምለም ነገር የሚገኘው መቃብር ላይ ብቻ ነው። ኃላፊው ወጪውን እያማረረ የታችኛውን አጥር ከሰው ቁመት በላይ በሽቦ አሳጠረው። የኮቴ ምልክቱ ጠፋ። አበባው ግን መጥፋቱን አልተወም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ በውሃ በጥብጬ ረጨሁ፤ አንዲት ባልቴት «ባሌ መቃብር ላይ ምግብ ቤት ተከፈተ ወይ?» ብለው ቢሮ ድረስ ሄደው ከሰሱኝ። የቆርቆሮ ጣሳ በገመድ አንጠለጠልኩ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቀባሪው እየደነገጠ ሲያስቸግር እሱንም አውርድ ተባልኩ። አጥሩ ከታጠረ በኋላ የወንድሜ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አውሬ የለም፣ ግቢው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው።

ቁርስ ላይ እህቴ ዳቦና ሻይ አቀረበችልኝ። ዳቦው ከወትሮው ወፈር ተደርጎ ተቆርጧል። የሰው ጸጸት ከሚቆርስልህ ዳቦ ውፍረት ይታወቃል። «እትዬ፣ ዛሬ ቤት ነሽ?» አልኳት። «ትንሽ ጉዳይ አለችኝ።» «ሩቅ ነው?» «አይ፣ ቅርብ ነው» አለችና ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ በእጇ ጠረገች። ባሏ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ስለ መንገድ መዘጋት ያወራ ነበር፤ ሦስታችንም መኪና እንዳለው ሰው አዳመጥነው። ስወጣ እህቴ እስከ በሩ ሸኘችኝና የኮቴን አንገት አስተካከለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንዲህ አድርጋልኝ አታውቅም። ልትናገር ነው ብዬ ቆምኩ። «አቧራ ነው» ብላ ገባች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ ነው የሄድኩት። ሥራዬን ቢነጥቁኝ ምን እንደሚቀረኝ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከአንድ ጣት በላይ አልሄደም። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ማን አትክልተኛ ብሎ ይቀጥረኛል? ሥራው እንኳ ይቅር። ከሰው ቤት ሰረቀ ቢሉኝ ስንት ሰው አብሮኝ አለ፤ ከእናቱ መቃብር ሰረቀ የተባለ ሰው ግን በየትኛው ፊቱ እህቱ ጓሮ ይኖራል? ይህ ሐሳብ ከእኔ ጋር ተሳፍሮ ከእኔ ጋር ወረደ። የመቃብር ግቢው በር ላይ አበባ የምትሸጠውን ሴትዮ ባልዲዋን ስትደረድር አገኘኋት። ገና ሳልጠጋት «ቁም አንተ» አለችኝ። «ወንድምህ ትናንት መጥቶ የባልዲዬን አበባ እንደ ጉምሩክ ፈትሾ ሄደ። ከአንተ ገዝቼ መልሼ እየጎነጎንኩ የምሸጥ መስሎታል አሉ። እኔ ሙት ገፍፌ ልብላ?» «እኔስ ገፍፌ ልሽጥ?» አልኳት። ትንሽ አየችኝና «አንተማ እንኳን አበባ ልትሸጥ፣ የራስህን ሙያ መሸጥ ያቃተህ ሰው ነህ» አለች። ስድብ ይሁን ምስክርነት አልገባኝም። ሁለቱንም ወሰድኩት።

ግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ቋሚ ሠራተኛ መቃብር ቆፋሪው ብቻ ነው። ስሙን ሰው ረስቶታል፤ ቀስ በል ነው የምንለው፣ ለሁሉም ነገር መልሱ እሱ ስለሆነ። ቀባሪ ሲያጣድፈው «ቀስ በሉ፣ እዚህ የሚቸኩል ሰው የለም» ይላል። የዕቃ ቤታችን ወለል ላይ ተቀምጦ አካፋውን ሲስል ነገርኩት።  «ወንድምህ ነው የከሰሰህ?» «ወንድሜ ነው።» «የአባት ልጅ ነው የእናት?» «የሁለቱም።» «እንግዲያው ቀስ በል» አለና ሞረዱን አስቀመጠ። ያን ቀን የእኔን ሦስት ረድፍ እሱ አጠጣልኝ። እኔ መቀሴን ይዤ አጥር ስከረክም ዋልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ቀብር መጣ፤ አጭር ነበር፣ አሥራ አምስት ሰው ቢሆን ነው። ከሄዱ በኋላ ጉንጉናቸውን አቃናሁና አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። ነገ ጠዋት ይህም ባዶውን ይገኛል፤ ማን እንደሚወስደው አላውቅም፤ ጠባቂው ግን እኔ ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የወንድሜ መኪና ገባች። ኃላፊው ከቢሮው ወጥቶ በሁለት እጁ ተቀበለው። ኃላፊው ልጅ ቢኖረኝ ልጄን የሚያክል ሰው ነው፤ እኔን አንተ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ፣ ወንድሜን ደግሞ እሱ እርስዎ ይለዋል። እህቴ ከኋላ ወንበር ወረደች። ወደ ዓይኔ ሳይሆን ወደ ኮቴ አንገት አየች። ሰባተኛው ረድፍ ደርሰን ወንድሜ አዲሱን ጉንጉን መቃብሩ ላይ አስቀመጠ፣ ሪባኑን ዘረጋ፣ ከዚያ ከቦርሳው ፌስታል አወጣና ይዘቱን ድንጋዩ ላይ ደረደረ። ዘንጎች ናቸው፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጉንጉኖች የቀሩ። ለካ እኔ ጠርጌ ሳልጥላቸው ቀድሞ እየመጣ ሲሰበስብ ኖሯል። በመሐንዲስ ደንብ በቁመታቸው አሰልፏቸዋል።

«አቆራረጡን ይመልከቱ» አለ ለኃላፊው። «ሚዳቋ ብትበላው ኖሮ ጎትታ ነበር የምትቦጭቀው፤ ጫፉ ይበጣጠስ ነበር። ይህ በስለት የተቆረጠ ነው። ቀጥ ተብሎም አይደለም፣ በሰያፍ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አበባ ሲቆረጥ በሰያፍ ነው፣ ውሃ በደንብ እንዲጠጣ። ማነው ያስተማረን?»

እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ በሰው ግቢ አትክልት ስኮተኩት፣ እሱ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤው እሄድ ነበር። ለሁለት የሚበቃ የደብተር መግዣ የለም ተብሎ እኔ ስወጣ እሱ ገባ። መቀሱን በሁለት እጁ አስይዤ፣ እጁን በእጄ ይዤ፣ እንዲህ ዘንበል አድርገህ ብዬ አሳይቼዋለሁ። ያስተማርኩት ሁሉ አንድ ቀን ተሰልፎ ይመሰክርብኛል ብዬ አላሰብኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ካንተ ሌላ በሰያፍ የሚቆርጥ ሰው አለ?»

«የለም።»

ቀስ በል አካፋውን ተደግፎ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። «ቀስ በሉ እንጂ ጌቶቼ» አለ፣ «የሚሸጥ ሰው ከነዘንጉ ይወስዳል እንጂ አናት አናቱን ለቅሞ ምን ሊያደርገው?» ወንድሜ ሳያየው መለሰለት፤ «ጉንጉን የሚጎነጎነው በአጭሩ ነው። በሩ ላይ ያለችውን ጠይቃት።» ኃላፊው ራሱን ነቀነቀና «አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ። ሚዳቋ መስሎኝ እንደነበር፣ እንደተሳሳትኩ፣ ምን እንደሚበላው እንደማላውቅ ነገርኩት። «አላውቅም የጠባቂ መልስ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ «እርስዎስ?» አላት። እህቴ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠመዝዝ ቆየችና «እኔ አላየሁም» አለች። አላየሁም ማለት ሰርቋል ማለት አይደለም፤ አልሰረቀም ማለትም አይደለም። እህቴ ዕድሜዋን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ስትሄድ ኖራለች፤ በእኔና በአባታችን መካከል፣ በእኔና በወንድሜ መካከል፣ አሁን ደግሞ በእኔና በአበባ መካከል።

ኃላፊው ወሰነ። ቁልፉን አሁኑኑ ለቀስ በል አስረክብ፣ በሩን እሱ ይጠብቅ፣ አንተ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ መጥተህ የእግድ ወረቀቱ ላይ ትፈርማለህ አለኝ። ኃላፊውና ወንድሜ ወረቀቱን ለማዘጋጀት ወደ ቢሮ ሄዱ። ቀስ በል ቁልፉን ሲቀበለኝ እንደ ትኩስ ነገር በሁለት ጣቱ ያዘው። እኔ የምሄድበት አልነበረኝም። የግቢው ደንብ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እስኪዘጋ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ጠያቂውን እንዲያስወጣ ያዛል፤ ሃያ አንድ ዓመት በዚያ ሰዓት ከበሩ ተለይቼ አላውቅም። ዛሬ ግን በሩም የእኔ አልነበረም። እናቴ መቃብር ጎን ካለው የሌላ ሰው መቃብር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴም አልሄደችም። አንድ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች ትይዩዬ ተቀመጠች።

«ጠዋት ሰምተኸኛል አይደል?» አለች።

«ከነስኳሩ።»

«ምን ልበል ነበር?»

«ያልሽውን።»

ነፋሱ ሪባኑን ሲያርገበግበው አየን። «እውነቱን ንገረኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለማንም አልናገርም። ብታደርገውም ወንድሜ ነህ።» «እትዬ፣ ብታደርገውም ካልሽ አድርገኸዋል ማለትሽ ነው» አልኳት። ፊቷን ወደ ጉንጉኑ መለሰች፤ እኔም መሬቱን ማየት ቀጠልኩ። ወንድሜ ሲከሰኝ ተናድጄ ነበር፣ ንዴት ደግሞ ያቆማል፤ የእሷ ይቅርታ ግን ጉልበቴን ነው የወሰደው። ያልሠራሁትን ይቅር ስትለኝ ምን ብዬ እምቢ ልበላት? እንደተቀመጥን ጥላው መቃብሩን አልፎ እግራችን ድረስ መጣ። አሥር ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ከዚያ እህቴ እጅጌዬን ያዘች። ልትለምነኝ መስሎኝ ዞር ልል ስል ጨምድዳ ያዘችኝ።

ከእናታችን ራስጌ ጥንቸል ቆማለች። በሁለት እግሯ። ጆሮዋ ከኋላ ፀሐይ መትቶት ውስጡ እንደ ቀይ ወረቀት ያበራል። የበረሃ አቧራ የመሰለች፣ ጎድኗ የሚቆጠር፣ ሆዷ ከጀርባዋ የተጣበቀ ነች፤ እንደዚህ የራበው እንስሳ ካየሁ ቆይቻለሁ። አየችን። እኛ እንደ ሐውልቶቹ ስለነበርን ናቀችን። ወደ ጉንጉኑ ተንጠራርታ አንገቷን ዘንበል አደረገችና ቀይዋን ጽጌረዳ ከሥሯ ቅጭ አደረገቻት። ድምፁ ተሰማን። የእኔ መቀስ ከእሷ የተሻለ አይቆርጥም። አበባዋ ወደቀች፤ በሁለት የፊት እግሯ ደግፋ ቅጠል በቅጠል ጠቀለለቻት። ሁለተኛዋን ቆረጠች። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሌላ አንዲት መጣች፣ ከእሷ ኋላ የእጅ መዳፍ የምታክል ትንሽዬ። ሦስቱ እናታችንን ከበው ራት በሉ።

«ጥንቸል ናት እኮ» አለች እህቴ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ።»

«ዘንበል ብላ ነው የምትቆርጠው።»

«አይቻለሁ እትዬ፣ ዝም በይ።»

ዝም ልትል አልቻለችም። አፏን በመዳፏ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቁ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር ሆነ፣ እንባዋ በጣቶቿ መሀል ወረደ። እኔ አልሳቅኩም፣ አላለቀስኩም። ደረቴ ላይ ሦስት ወር ሙሉ የተቀመጠ ሰው የተነሣልኝ ይመስል ዝም ብዬ ትንፋሼን አወጣሁ፣ አስገባሁ። እህቴ ስትነሣ ጥንቸሎቹ ተፈተለኩ። ከተቆረጡት ዘንጎች አንዱን ከጉንጉኑ ላይ መዘዘች፣ አንዱን ጫማዋን ሳታጠልቅ በእጇ አንጠልጥላ፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ ወደ ቢሮው ሄደች። ሥልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሮጣ ስትሄድ ያየኋት ከልጅነታችን ወዲህ ያኔ ነው።

ስደርስ ዘንጉን የእግድ ወረቀቱ ላይ አጋድማዋለች። «ይህ አሁን የተቆረጠ ነው፣ ዓይኔ እያየ። ጥንቸል ናት። ከነቤተሰቧ ናት» ትላለች። ወንድሜ ከፌስታሉ አንድ ዘንግ አውጥቶ ጎን ለጎን አስጠጋቸው። መነጽሩን አውልቆ አየ፣ አድርጎ አየ። አንድ ዓይነት ናቸው። ኃላፊው «ፎቶ አንሥተዋል?» አላት። «ዓይን አለኝ» አለችው። ኃላፊው ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈና ሁላችንም ወደ ውሃ ታንከሩ ጀርባ ሄድን። ቀስ በልም በሩን ትቶ ተከተለን። እዚያ ያለው እኔ የከመርኩት ክምር ነው። የቆሻሻ መኪና ወደ ግቢያችን መምጣት ካቆመ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ያለፈበትን ጉንጉን፣ ጭዱን፣ ቅርንጫፉን፣ ደረቁን ሣር ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ በላስቲክ ሸፍኜ እዚያ ስደረድር ኖሬያለሁ። ቀስ በል በአካፋው የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አደረገው። ከሥሩ ደረቅ፣ ሙቅ፣ በካርኔሽን ቅጠል የተነጠፈ ጎሬ ብቅ አለ። ከዚያ ትልቋ ወጣችና በኃላፊው እግሮች መካከል አለፈች፤ ኃላፊው ያለ የሌለ ጉልበቱን ሰብስቦ በአንድ እግሩ ቆመ።

ሲረጋጋ «ይህን ማነው እዚህ የከመረው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ቤት የሠራህላቸው አንተ ነህ። ጥፋቱ ያንተ ነው ማለት ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው» አልኩት። በሕይወቴ ጥፋተኛ ስባል እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አውሬውን በውጭ በኩል በትልቅ አጥር ስከለክል በውስጥ በኩል አልጋ ዘርግቼለታለሁ። ይህን እንደ ሞኝነት ይጻፉብኝ፤ ሞኝነት ከእናት መቃብር ላይ አይሰርቅም። ቀስ በል «ኪራይም አልከፈሉት» አለና መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እህቴ፣ ከዚያ ኃላፊው ሳይወድ። ወንድሜ አልሳቀም። ጎሬው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ውስጡን ያይ ነበር። ከላይ ስመለከተው አናቱ ላይ ፀጉሩ ሳስቷል፤ ይህን አላውቅም ነበር። «ምን ዓይነት ሽቦ ነው የሚያስፈልገው?» አለኝ ቀና ሳይል።

ከአጥሩ የተረፈ የዶሮ ቤት ሽቦ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበረኝ። ወንድሜ ኮቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ፤ እኔ በፒንሳ እየቆረጥኩ እንደ ቅርጫት አጎበጥኩት። በስሌት ሊነግረኝ ሞከረ፤ «ዝም ብለህ ያዝ» አልኩት፣ ያዘ። ጫፉ መዳፉን ቧጠጠውና ደሙን በሱሪው ጠረገ። በእናታችን ጉንጉን ላይ ደፋነው፣ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ጫንነው። እህቴ ዞራ ዞራ አይታ «ጥሩ ነው፣ እስር ቤት ይመስላል» አለች። ኃላፊው ለሌሎቹም ከነገ ጀምሮ ሥራ፣ ክምሩ ግን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያልክ አንሣው፣ ትንሿ እስክትጠነክር አለ። ይህን ከእሱ አልጠበቅኩም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቢሮ ገባን። ክስ ያለ ማንሻ ቅጽ አይነሣም አለ ኃላፊው፤ መሳቢያውን ስቦ አዲስ ቅጽ ለወንድሜ ሰጠው፣ አሮጌውንም እያየ እንዲገለብጥ ከጎኑ ዘረጋለት። እኔ ቆሜ ነበር። አሮጌው ቅጽ ላይ «አመልካች ከተከሳሽ ጋር ያለው ዝምድና» የሚል መስመር አለ፤ ፊት ለፊቱ በወንድሜ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት «የለም» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነብ፣ ግን አነባለሁ። ወንድሜም ማንበቤን አየ። ብዕሩን ይዞ አቀረቀረ። ኃላፊው መስኮቱን ሊዘጋ ተነሣ፤ እህቴ ጫማዋን ማሰር ጀመረች፣ ገመድ የሌለው ጫማ ነው። ወንድሜ ሊያስረዳኝ አፉን ከፈተ፤ ላስቸግረው ብፈልግ እችል ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ወንድሜ አዲሱ ቅጽ ላይ፣ በዚያው መስመር፣ «ወንድም» ብሎ ጻፈ።

«ታላቅ ጨምርበት» አልኩት።

ጨመረበት። ቦታው ስለጠበበ ቃሉን በጎን አስገባው፣ ትንሽ ተጣመመ። ፈረመና ወረቀቱን ለኃላፊው ከመስጠቱ በፊት ወደ እኔ ገፋው። ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ወስጄ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ አንዴም ሁለቴም። ማንም አላጣደፈኝም።

«ቀን አልጻፍክበትም» አልኩና መለስኩለት።